ኔትወርኩ አልጠፋም ነበር

ይድረስ ለወንድሜ ለእዮኤል፤

እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? የሰው አገር ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ሌላ ጊዜ «ጤንነትህ እንዴት ነው?» ብዬ ሳላስብ ነበር የምጽፈው። ዛሬ ግን መልሱን ስለማውቅ እጄ ከበደኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሳጉሬ ገብሱ ታጭዷል፤ እማዬም ትንሽ አረፍ ብላለች። እኔም እዚህ አሰላ አክስታችን ጽጌሬዳ ቤት ሆኜ እማራለሁ።

ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን ታውቀኛለህ፣ አፌ አይታዘዝልኝም። በኮምፒውተሩ ብጽፍልህ ደግሞ የአክስታችን ልጆች ያነቡታል። ስለዚህ ክለብ አብሮህ የሚሮጠው ዋቅቶላ ከእረፍቱ ሲመለስ እንዲያደርስልህ በወረቀት ጻፍኩልህ።

ትተህልን የሄድከው ትልቁ ኮምፒውተር ከኋላ ክፍል ነው ያለው። አክስታችን ያስገባችው የኢንተርኔት ሳጥን ሳሎን ስለሆነ፣ ገመዱ በሩን አቋርጦ ሰው እንዳይጠልፍ ተብሎ ማገናኘቱ ተተወ። እማዬ ግን «ድምፁን ብቻ ሰምቼ አልጠግብም፤ መልኩን አሳዩኝ» ስትል ከረመች። ስለዚህ ኮምፒውተር የሚጠግነው ነገሳ ሱቅ ሄጄ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የዋይፋይ መቀበያ ገዛሁ። ካሜራም አዋሰኝ። ስሰካት ኮምፒውተሩ አላወቃትም። ነገሳ ስቆ «ኢንተርኔት እንድታመጣልሽ መጀመሪያ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር ትፈልጋለች» አለኝና በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ስሰካት ደከመች፤ ወደ ፊት ለፊት ባዞርኳት ጊዜ ግን ፊትህ ጥርት ብሎ መጣ። እንደዚያ ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

ያን እሁድ እማዬ ከሳጉሬ መጥታ ነበር። ወደ ኋላ ክፍል ብቅ ስትል «ቆይ፣ ልጄ እንዲህ ሆኜ አያየኝም» ብላ ነጠላዋን ልትቀይር ወጣች። አንተም «መብራት ላብራ» ብለህ ተነሳህ። ወንድሜ እዩ፣ አየሁህ። ግድግዳውን ይዘህ በአንድ እግርህ ነበር የምትዘለው፤ ሌላው እስከ ጉልበትህ በጀሶ ታስሯል። ተመልሰህ ተቀመጥክና «ልምምዱ ጥሩ ነው» አልከኝ። ወዲያው እማዬ ከሳሎን «እስቲ ተነስቶ ይቁም በይው፤ ከስቶ እንደሆነ ልየው» አለች። የሚያዝያ ውድድርህን ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። እጄ ቀደመኝ። መቀበያዋን ነቅዬ ኪሴ ከተትኳትና «ኔትወርኩ ጠፋ» አልኩ።

በማግስቱ ደውለህ «ምን ሆኖ ነው የተቋረጠው?» ስትለኝ፣ «የአሰላ ኔትወርክ መቼ ይታመናል» አልኩህ። ቀለል ያለህ መሰለኝ። እማዬ ግን አልተወችውም። ነገሳ ሱቅ ሄዳ ሰው ፊት «አንተ ልጅ፣ ለልጄ ቆሻሻ ሸጥክላት» አለችው። ነገሳ አዲስ አውጥቶ በነጻ ሰጣት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ፤ የመጀመሪያዋ ኪሴ ውስጥ ናት። አዲሷንም ሳልሰካ «ይችም እምቢ አለች» አልኩ። ይባስ ብላ እማዬ ጸሎት ቤት ኔትወርኩን የጸሎት ርዕስ አስያዘችው። ጸሎቱን የመሩት እትዬ ወለላ ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታ ሆይ፣ የሞገዱን መንገድ ክፈትልን» ሲሉ አሜን ማለት አቃተኝ።

ይህን ያደረግኩት አንተን ለማዳን ይሁን እሷን፣ ወይም የማደርገውን አጥቼ፣ እስካሁን አላውቅም። ባለፈው እማዬ ሚኒባስ ስትሳፈር ጉንጬን ስማ «አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገ ለነገሳ እውነቱን ነግሬ አዲሷን እመልስለታለሁ። መናገሩን እፈራለሁ፤ ግን እሄዳለሁ። ደብዳቤው ከደረሰህ በኋላ ባለው እሁድ እማዬ ስትመጣ አሮጌዋን እሰካለሁ። «ቁም» ትልሃለች። ከፈለግክ ቀድመህ በስልክ ንገራት፤ ካልሆነ ግን ግድግዳውን ይዘህም ቢሆን ቁምላት። ይቅርታ አድርግልኝ እዩ፣ ያላሳየኸኝን አየሁብህ። ያን ቀን ከጎኗ ተቀምጬ እጇን ስለምይዝ፣ እጄ ኮምፒውተሩ ጋ አይደርስም።

አክስታችን ጽጌሬዳ በጣም ናፍቆኛል ብላሃለች። ልጆቿ ሳምራና ሮሐ ማሊያ ላክልን ይላሉ። ነገሳም ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ገና ምንም አያውቅም። እማዬ ደግሞ ምን እንደምጽፍልህ ሳትጠይቀኝ፣ «ጌታ ጉልበቱን ያጽናለት ብለሽ ጻፊልኝ» አለችኝ።

እህትህ መክሊት
አሰላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.