ወንድምጋሼ ሊዘምት ነው

አዋሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 1991 ዓ.ም.

ዛሬ ፒያሳ ስደርስ የወዳጄ የወንድምጋሼ ብስክሌት መጠገኛ ሱቅ ተዘግቷል። ቤቱ ብሄድ የድሮ የወታደር ጫማውን ይወለውላል። ለሰሜኑ ጦር ግንባር ተመዝግቧል፤ ሰኞ ይሄዳል። ገረመኝ። ይህ መንግሥት እንደገባ «የደርግ ወታደር» ብሎ ከሠራዊቱ ያባረረው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ መሪዎቹን ሲያማ እንጂ ሲያመሰግን ሰምቼው አላውቅም።

«ያባረሩህ ሰዎች ሲጠሩህ ትሄዳለህ?» አልኩት።

«እነሱን ዛሬም አልወዳቸውም፤ ስመለስም አልወዳቸውም» አለኝ ሳይቆጣ። «ድንበሩ ግን የእነሱ ብቻ አይደለም።»

ሚስቱ እየሰማች የሚይዘውን ልብስ ታጥፋለች።

ሰው የበደለውን መንግሥትና አገሩን በልቡ እንዲህ ለይቶ ማስቀመጥ እንዴት ይችላል? እኔ የምችል አይመስለኝም። ቢሞት እኮ በለቅሶው ላይ ጀግና ብለው ንግግር የሚያደርጉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ይህን ልጠይቀው ፈልጌ፣ የሚስቱን ፊት ሳይ ተውኩት።