ከብረቱ በር ወዲህ የቀረን

ባሌን የገደለው የሳንባው በሽታ ነው፤ የልጁን ሰርግ ያሳጣው ግን ታላቅ ወንድማችን ነው። ይህን ከሰላምታዬ በፊት መጻፌን ይቅር በይኝ። ሰላምታውን ካስቀደምኩ ልቤ ይለሰልስና ነገሩን እንደ ልማዴ እሸፋፍነዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው።

እንግዲህ አሁን፣ የእናቴ ልጅ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፤ ደረጃ ትወጪበታለሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየተደገፍሽ ነው? ባለቤትሽ ደኅና ናቸው? ያ ሳላቸው ለቀቃቸው? ትልቁ ልጅሽ ሥራ አገኘ? ትንሿስ እንደ ከሳች ናት ወይስ ሥጋ ጣል አደረገችበት? እኔ በሕይወት አለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነሣለሁ፤ ከዚህ አልፌ ደኅና ነኝ ብልሽ ውሸት ነው።

ጽሕፈቱ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። እስከ ዛሬ ከእኔ የደረሰሽን ደብዳቤ ሁሉ የጻፈው ባሌ ነበር፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ያሳምራል። ፊደል በስተርጅናዬ ከልጄ ተምሬ በራሴ እጅ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ በዚህኛው ውስጥ ያማረ ነገር አትፈልጊ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ዛሬ ሁለቱንም ሆኛለሁ።

ታላቅ ወንድማችን «በሰው ፊት አዋረደችኝ» ብሎ በስልክ እንዳለቀሰልሽ ልጄ ነገረችኝ። አንቺም «ታላቅ ወንድም አባት ነው፤ እሺ በይው» ብለሽ ልከሽብኛል። የእሱን ሰምተሻል። የእኔንም ስሚና ፍረጂ።

የልጄ ባል ችግኝ ጣቢያ የሚሠራ፣ ከጥፍሩ ሥር አፈር የማይጠፋ ትሑት ልጅ ነው። ገና ሲተጫጩ ሁለቱም አዳራሽ አንፈልግም አሉ። የሚያደነቁር ሙዚቃና የማናውቀው ሰው የሚበላበት ጠረጴዛ ይቅርብን፤ በዛፍ መሀል፣ በሰማይ ሥር፣ የሚወዱን ጥቂት ሰዎች ቆመው ይዳሩን አሉ። እኔ መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። «ምን አጥፍተን ነው እንደ ሽፍታ ጫካ ገብተን የምንድረው?» አልኳት። አባቷ ግን ሳቀ። «ሰርጉ ካጠረ እኔም ሳልሞት እጨርሰዋለሁ፤ ተያት» አለኝ።

በዚያን ጊዜ ያለ ኦክስጅን ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤት አይደርስም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ መቀመጫ ልብስ የሰፋ ሰው ነው፤ ሳንባውን የበላው ያ ሁሉ ብናኝ ነው ይላሉ። «የከተማው ሰው ሁሉ ቂጡን የሚያሳርፈው በእኔ ስፌት ላይ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። ሐኪሙ ክረምቱን እንደማይሻገር ለእኔ ነግሮኛል፤ እሱም ሳይነገረው ያውቀዋል። የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ልጁን ክንዷን ይዞ ከሑፓው ሥር ማቆም። ሑፓው ራሱ፣ ሙሽሮቹ የሚቆሙበት በአራት ቋሚ ላይ የሚወጠረው ጨርቅ፣ የገዛ ታሊቱ እንዲሆን ፈለገ። ሲጸልይበት የኖረውን መጎናጸፊያ ጭኑ ላይ አድርጎ በአራቱ ማዕዘን ማሰሪያ ሰፋለት። ዓይኑ ክሩን ከመርፌው ማስገባት ሲያቅተው እኔ አስገባለታለሁ፤ «ሁለት ሆነን አንድ ልብስ ሰፊ ወጣን» ይለኛል።

ልጆቹ የመረጡት ቦታ እዚሁ ሰፈራችን ያለው መናፈሻ ነበር። ሐይቁ ዳር ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ መኪና እስከ ሣሩ ይገባል፤ ተሽከርካሪ ወንበሩም አይቸገርም። ይህን ያፈረሰው ወንድማችን ነው፤ እዚህች ኩሽና ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ ያቀረብኩለትን እየበላ። «የእኔ እህት ልጅ ኳስ በሚራገጡና ውሻ በሚያናፍሱ ሰዎች መሀል ልትዳር? የእኔ፣ የምኩራቡ ሰብሳቢ፣ ዘመድ መሆኗን ረሳችሁት?» አለ። እሱ የሚያውቀው ጫካ አለ፤ ወንዙ ዳር ሜዳ አለው፤ ከሜዳው አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ ዓርብ ከሰዓት እንድራቸውና ሰንበትን አብረን እዚያው እናሳልፍ አለ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ መኪናው የት ድረስ ይገባል?»

«እስከ ውኃው አፍ!»

«ሄደህ አይተኸዋል?»

«አንቺ ሴት፣ እኔን ነው የምትመረምሪው?» አለኝ። እሺ አልኩ። ታላቅ ነው ብዬ። አላየውም ነበር። ጓደኛው ነግሮት ነው፤ ይህንንም በኋላ ከዚያው ከጓደኛው አፍ ሰማሁ።

ዓርብ ዕለት እንግዶቹ ቀድመው ወረዱ። እኔና ባሌ ከልጃችን ጋር በተከራየነው መኪና ተከተልን። እሷ ነጭ ልብሷን ሰብስባ፣ የአባቷን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አባቷ ሱፉን ለብሷል፤ ስለሰፋበት ከኋላ ቆንጥጬ ሰፍቼለታለሁ። መንገዱ ጫካው አፋፍ ላይ ሲደርስ የብረት በር ዘጋው። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ከበሩ ወዲያ ያለው ደግሞ የዛፍ ሥር ደረጃ የሆነበት ቁልቁለት ነው፤ እኔ እንኳ በጤናዬ ቅርንጫፍ ሳልይዝ አልወርደውም።

ሙሽራውና ጓደኞቹ ሮጠው ወጡ። ባሌን ከነወንበሩ አነሡት። ጥቂት እንዳወረዱት ከንፈሩ ጠቆረ፣ ዓይኑ ተገለበጠ፤ ጮኼ አስመለስኩት። መኪናው ውስጥ አስገብተን ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅን።

ያኔ ሙሽራው ያለውን እስክሞት አልረሳውም። «እዚሁ ይሁን» አለ። «ጨርቅና አራት ቋሚ አይደል? አምጡት፤ እዚሁ በሩ ጋ እንትከለው።» ልጄም «አዎ፣ እዚሁ» አለች። የሚያጋቧቸው ረቢ ከታች እያለከለኩ ደርሰው ነበርና «ሰማይ እስካለ ድረስ የትም ይሆናል» አሉ። አየሽ? ነገሩ አልቆ ነበር። የባሌ ፊት በራ፤ ክራባቱን አስተካከለ።

እንቢ ያለው ወንድማችን ነው። «ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ? ወንበሩ ታች፣ ሰዉ ታች፣ ፎቶ አንሺው ታች! ይህን ሁሉ ስናወጣ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ይገባብናል፤ በሰንበት ደግሞ አይዳርም። ሰርጉ ሊቀር ነው!» እያለ የእጅ ሰዓቱን በየሰው አፍንጫ ሥር አዞረው። ሰርጉ ሊቀር ነው የሚለው ቃል ነው ሁሉንም ያስደነገጠ። ረቢው ፀሐይዋን ለማየት ቀና ቢሉ ዛፉ ሰማዩን ሸፍኖባቸዋል። ልጄ ማልቀስ ጀመረች። አባቷ ደግሞ የእሷን ዕንባ ማየት ከድሮም አይችልም። «ሂጂ» አላት። «ታሊቴ ከበላይሽ ነው፤ አለሁ ማለት ነው።» ወንድማችን ይህን ሲጠብቅ እንደ ቆየ ሰው ቀበል አድርጎ «እኔ በአንተ ቦታ እቆማለሁ» አለና ክንዷን ያዘ።

እኔስ? እናት ልጇን አጅባ ወደ ሑፓው ትወስዳለች። ግን ትንፋሹ ገና ያልረጋ ሰው ለማላውቀው ሾፌር ትቼ ልሂድ? ልጄ ከቁልቁለቱ አፍ ዞራ አየችኝ። በእጄ ሂጂ አልኳት። አንዲት ልጃችን ስትዳር አባትም እናትም ሳይኖር ቀረ።

መስኮቱን ከፍተን ተቀመጥን። ባሌ ጆሮውን ወደ ቁልቁለቱ ጣል አድርጎ በሐሳቡ ይድራታል። «አሁን ባሏን ሰባት ጊዜ እየዞረችው ነው... ቀሚሷን ረግጣ እንዳትወድቅ... አሁን ቀለበቱን አደረገላት» ይላል። ቡራኬው ነው ብሎ ሲያስብ ከንፈሩን አብሮ ያንቀሳቅሳል። ከዚያ ከታች ጩኸትና ጭብጨባ መጣ። ሙሽራው ሥርዓቱ የሚዘጋበትን ብርጭቆ ረግጦ ሰበረ ማለት ነው። «መዝል ቶቭ» አለኝ። እኔም «መዝል ቶቭ» አልኩት። ሁለት ሽማግሌ፣ በቆመ መኪና ውስጥ፣ እርስ በርስ እንኳን ደስ አለህ፣ እንኳን ደስ አለሽ ተባባልን።

እህቴ፣ ፀሐይዋ ከዚያም በኋላ የመኪናው መስተዋት ላይ ነበረች። ነበረች እልሻለሁ! ሑፓውን ወደ ላይ አውጥተን፣ ድረን፣ በልተን ለመጠጣት የሚበቃ ብርሃን ነበር። ስለ ሰንበታችን ምንም የማያውቀው ሾፌር እንኳ «ምን አስቸኮላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልጄ ማዕዱን ሳትጠብቅ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ እየሮጠች ወጣች። መኪናው ደፍ ላይ ተንበረከከች፤ አባቷም እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ባረካት። ትንፋሽ እያጠረው ነው የባረካት፤ በቃልና በቃል መካከል እናርፍ ነበር። እንዲህ እያለን መሸ። ኦክስጅኑ ሊያልቅ ሲቃረብ ሾፌሩን ወደ ቤት ውሰደን አልኩት። ወንድማችን እየበላ መጣና «ሰንበት ገብቷል፤ በመኪና ወዴት ነው?» አለ። ተከትለውት የወጡት ረቢ «ነፍስ ከሰንበት ትቀድማለች! ሂዱ!» ብለው ጮኹበት። እሱ ግን አፉ አያርፍምና «መጀመሪያውኑ ቤታችሁ ብትቀሩ ሰንበት አይሻርም ነበር» አለ። ባሌ እየሰማ። ሙሽራዋ እየሰማች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

የታሊቱንም ነገር ልንገርሽ። ሙሽራው ሳይመሽ ፈትተን እናምጣላቸው ቢል «መጀመሪያ ሰው ይብላ» ያለው ወንድማችን ነው። ከመሸ በኋላ ደግሞ «ቋጠሮ በሰንበት አይፈታም፣ ዕቃም ከቦታው አይወሰድም» ያለው ያው ወንድማችን ነው። እንደ ተወጠረ ውጭ አደረ፤ ዝናብ መታው። እሑድ ሲያመጡልን የቋሚዎቹ ብረት ዝገት በአራቱም ማዕዘን ገብቶበታል። ዕድሜ ልኬን የሆቴል አንሶላ ያጠብኩ ሴት ብሆንም አልለቅ አለኝ። ባሌ «ተይው፣ የሰርጓ ምልክት ነው» አለኝ። በዚያው ምልክት ባለበት ታሊት ተገንዞ ተቀበረ።

ከመሞቱ በፊት ልጄ ፎቶውን አሳየችው። ታላቅ ወንድማችን ደረቱን ነፍቶ፣ ከሙሽሪት በስተቀኝ፣ ባሌ ሊቆም በሚገባው ቦታ ቆሟል። ባሌ ብዙ አየው። «ታሊቱ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል» አለና ፎቶውን ገልብጦ አልጋው ላይ አስቀመጠው። እሱ ማንንም አልከሰሰም። ልጄ ዛሬም ድረስ «እዚሁ ይሁን ብዬ ለምን አልጸናሁም?» እያለች ራሷን ትበላለች። በአንቺ አይደለም እላታለሁ፤ አታምነኝም።

በሰባቱ የሐዘን ቀናት መሀል ወንድማችን መጣ። ሲገባ ሰው ሁሉ ተነሣለት። እኔ ዝቅ ባለችው የሐዘንተኛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ፊቱ ሲለወጥ ጎረቤቴ ጥልፍ ሠሪዋ «ሐዘንተኛ ለማንም አይነሣም፤ ሕጉ ነው» ብላ አዳነችው። እኔ እየጠበቅሁ ነበር። «ቦታውን ሳላየው ነው የተናገርኩት፤ አጠፋሁ» ቢል፣ ይህችን ብቻ ቢል፣ እግዚአብሔር ይመስክር፣ እዚያው አቅፌው አለቅስ ነበር። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ «ሰርጉ ግን አማረ፤ ሰው እስከ ዛሬ ያወራል» አለ። እኔም «ማማሩንማ አንተ ነህ የምታውቀው፤ እኛ መች አየነው?» አልኩት። አዋረደችኝ ያለሽ ይህችን ነው።

ታላቅ ወንድም አባት ነው ብለሻል። አባታችን ቢሆን ኖሮ ከበሩ ወዲህ ከእኛ ጋር ይቀር ነበር።

በይ እንግዲህ። ለባለቤትሽ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ አንገታቸውን ከብርድ ይሸፍኑ። ትልቁን ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ትንሿን አክስትሽ ብዪ ብላሻለች በያት። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልጄና ባሏ በናፍቆት ይስሙሻል፤ እሷ ደብዳቤውን ሳላሳያት በማሸጌ ተቀይማኛለች።

ለእሱም ብትደውዪለት እንዳትዋሺለት ብዬ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ሰባቱ ቀን አልፏል። ዝቅተኛዋን ወንበር ለምኩራቡ መልሻለሁ፤ አሁን የምቀመጠው እንደ ማንም ሰው ነው፤ ስለዚህ ሕግ ነው ብሎ የሚጽናናበት የለውም። በሩ አይዘጋበትም፤ ይምጣ፣ ይግባ፣ ይቀመጥ። እኔ ግን ከእንግዲህ ለእሱ ከመቀመጫዬ አልነሣም።

እህትሽ
ከቤቴ፣ ከሁለተኛው ፎቅ
እሑድ ከሰዓት፣ በኅዳር ወር መግቢያ