ይህ ቤት ያድናል ተብሎ ስለ ተጻፈበት የጨው ቤት

ነሐሴ ፰ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.
ሶዶ

ለክቡር ባላምባራስ ሰብስቤ
የሶዶ ገበያ ዳኛ

ጉዳዩ፦ እኅቴ ጽጌሬዳ ኤርካሎ ከነገ ወዲያ ሐሙስ በነጋዴው ገብረአማኑኤል ጨው ቤት ገብታ እንዳይዘጋባት ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፤

እኔ ደገፉ ኤርካሎ እጅ እየነሣሁ አመለክታለሁ። ስሜን ሲያነቡ ወረቀቱን እንዳይጥሉት አስቀድሜ እለምናለሁ። የየኔታ ገብረሥላሴን መቋሚያ ቅቤ ቀብቼ ዳዊት ሳልጨርስ የተባረርሁት ያው እኔ ነኝ። ዛሬ የምጽፈው ግን ቀልድ አይደለም።

፩ኛ/ ነጋዴው አሞሌ ጨው የሚያከማችበት ቤት ከገበያው በታች ነው፤ መስኮት የለውም። ጨው በክረምት እርጥበት ስቦ ስለሚያለቅስ፣ ግድግዳው በጭቃና በእበት ተለስኖ ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኗል። መካከሉ ላይ ደግሞ ጨው እንዲደርቅ በሸክላ ማንደጃ ከሰል ይነድበታል። የከሰሉን ነገር ልብ ይበሉልኝ።

፪ኛ/ ባለፈው ሰኔ የጉኑኖው ሽማግሌ አቶ ዳልጮ ጨው ሊገዙ መጥተው፣ እያሳሉ በበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሥራ ፈትቼ ቆሜ ነበርና፣ «አባቴ፣ ሳል የሚደርቀው በጨው አየር ነው። የፈረንጅ መኳንንት ጨው ዋሻ ገብተው ነው የሚውሉት። እዚህ ቤት አይጥ ስታስል ሰምተው ያውቃሉ?» አልኋቸው። አይጥ ስታስል ማን ሰምቶ ያውቃል። የቆመው ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ገብተው አሞሌውን ተደግፈው ጥቂት ቆዩና፣ «ደረቴን ቀለለኝ» እያሉ ወጡ። ያን ጊዜ ክረምቱ ስላልበረታ በሩ ክፍት ነበር፤ ከሰሉም ገና አልተጀመረም።

፫ኛ/ ወሬው ገሱባና ዱቦ ደረሰ። ሰው ቅቤና ዶሮ እየያዘ ይመጣ ጀመር። ነጋዴውም «አንተ ፊደል ታውቅ የለም፣ በሩ ላይ ጻፍልኝ» አለኝና «ይህ ቤት ያድናል» ብዬ በከሰል ጻፍሁ። እዚህ ላይ ጥፋቴን አልሰውርም። ሐኪምም ያድናል፣ ነብርም ያድናል፤ በጽሕፈት አንድ ነው። ማን እንደሚነቃብኝ ለማየት ማዶ ተቀምጬ ብቻዬን ስስቅ ዋልሁ። የነቃ አልነበረም። እኔም ራሴ የነቃሁት አሁን ነው።

፬ኛ/ ሐምሌ ሲገባ ከሰሉ ተያያዘ፤ «የጨው ትንፋሽ እንዳይወጣ» ተብሎም በሩ ከውጭ መቀርቀር ተጀመረ። ፋንታዬ የምትባል የገሱባ ሴት ግማሽ ቀን ቆይታ ወጣችና ራሷን ይዛ ስታስመልስ ዋለች። «በሽታው ወጣላት» ተባለ። ከዚያ አቶ ዳልጮ ዳግመኛ መጡ፤ ሦስት ቀን እንዲቆዩ ተዘጋባቸው። በሁለተኛው ቀን እህል ሊያቀብል የከፈተው ሰው ግድግዳ ተደግፈው አገኛቸው። ፊታቸው ቀልቷል። «ደማቸው ተመልሷል፤ ተኝተዋል» ብሎ መልሶ ዘጋ። በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ ወደ ጉኑኖ ተወሰዱ፤ ተቀበሩም። አሁን በገበያው የሚወራው፣ «ቀናቸው ደርሶ ነው እንጂ ቤቱማ መልካቸውን አሳምሮ ነው የሸኛቸው» የሚል ነው።

ከቀብር መልስ ቤቱን ዞሬ አየሁት። አጠገቡ ያለው የእህል ጎተራ አይጥ ይራወጥበታል፤ በጨው ቤቱ ግን አንዲት አይጥ የለችም፤ በረሮም የለም። የነጋዴው ድመት ደፉ ድረስ መጥታ ጆሮዋን ጥላ ትመለሳለች። አይጥ አታስልበትም ብዬ ቀልጄ ነበር። እውነትም አታስልበትም።

ጽጌሬዳ በሁለት ዓመት ታላቄ ናት። ደረቷን የሚያፍናት በሽታ አለባት፤ ስትስቅ ይብስባታል። ስለዚህ እኔ ቤት ስገባ ዝም እላለሁ። ይህን ባሕርዬን ከቤተሰቤ በቀር በሶዶ የሚያውቅ የለም። እናቴ ወይዘሮ ፈጠነች ሐሙስ ልታስገባት ከነጋዴው ጋር ተነጋግራለች፤ ሦስት ቀን ነው። እግሯ ላይ ወድቄ ነገሩን የፈጠርሁት እኔ መሆኔን ነገርኋት። «አንተ ልጅ፣ እኅትህ ልትድን ነው ስንል ደግሞ ቀልድ አመጣህ?» አለችኝ። ወደ ነጋዴው ሄድሁ። «ስትቀልድ የተናገርኸው እውነት ሆነ፤ እንግዲህ የአሁኑን እውነት ነው ብትል ማን ይሰማሃል?» አለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ከልቡ ያምናል። የጻፍሁትን ልፍቅ ብሄድ በሽተኞቹ ራሳቸው በዱላ አባረሩኝ። በመጨረሻ ለጽጌሬዳ ለራሷ ነገርኋት። ሳቀች፤ ሳቋም ወደ ሳል ተለወጠ፤ እናቴም «አየህ፣ ሐሙስ እንኳ ሩቅ ነው» አለች።

ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ተብሎ ይጣላል የሚባለው በእኔ ደረሰ።

ቃሌ እንዲታመን ማንም የማያውቅብኝን ጥፋት አስይዛለሁ። ባለፈው ጥምቀት የክቡርነትዎን በቅሎ ኮርቻ ፊቱን ወደ ጭራ አዙሮ የጫነ ሰው ተፈልጎ አልተገኘም ነበር። እኔ ነኝ። ቅጣቱን ያለ ክርክር እቀበላለሁ፤ ግን ከሐሙስ በኋላ ይሁንልኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሰሉ ከቤቱ እንዲወጣ፣ መቀርቀሪያው እንዲነቀል፣ ነገሩ እስኪጣራም ማንም እንዳይገባበት እንዲያዝዙልኝ እለምናለሁ።

ይህ የማይሆን ከሆነና በዶሮ ይፈተን ቢባል፣ ዶሮዋ ብትሞት «ዶሮ አይደለች እንዴ» ይባላል። ስለዚህ ነገ ረቡዕ ጠዋት እኔ ልግባና ከሰሉ እንደነደደ ይቀርቀርብኝ። እስከ ማታ ቆይቼ በእግሬ ብወጣ ውሸቴን ነውና አርባ ጅራፍ ይገባኛል። በእግሬ ባልወጣ ጽጌሬዳ አትግባ።

አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ከውስጥ በሩን ብመታ፣ የቆመው ሰው ሁሉ «ይኸው ደገፉ መቀለድ ጀመረ» ብሎ መሳቁ አይቀርም። ስለዚህ የክቡርነትዎ ዘበኛ በሩ ላይ እንዲቆምልኝ፣ ዘበኛውም እኔን የማያውቅ ሰው እንዲሆንልኝ እለምናለሁ።

በትሕትና እጅ ነሥቼ፣ ከሰላምታ ጋር

ደገፉ ኤርካሎ
(ፊርማ)