ጎኑ የተጨፈለቀው ካርቶን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ያ ራስ ምታትሽ ለቀቀሽ ወይ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻለው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ሐሳቤ ግን ደህና አይደለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስደውል ስልክ አላነሳሽም። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደናንተ የሚበረው የሥራ ባልደረባዬ እሁድ እጅሽ ላይ ያደርስልሻል። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ሰኞ ውሉ ላይ እንዳትፈርሚ፤ በእማዬ ይዤሻለሁ።

ልብስ ስፌት ቤትሽን ከነመኪናዎቹ ለጎረቤትሽ ለዳቦ ጋጋሪው ሸጠሽ፣ በገንዘቡ እኛ ዕቃውን የምናከፋፍልለትን የኮምፒውተር አምራች አክሲዮን ልትገዢ መሆኑን ከባለቤትሽ ስሰማ ደንግጬ ደወልኩ። በድንጋጤ "አንቺ ስለ አክሲዮን ምን ታውቂያለሽ" ብዬሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። እውነትሽን ነው። ማን መከራት ብዬ ስበሳጭ ቆይቼ ትዝ ሲለኝ፣ መካሪው ለካ እኔው ነኝ። ዓምና መጋዘናችን ውስጥ፣ እስከ ጣሪያ በተደረደሩ ካርቶኖች ፊት ደረቴን ነፍቼ የተነሳሁትን ፎቶ ላኩልሽ። ገበያው ደርቷል፣ እኔም አክሲዮን ገዝቻለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ጻፍኩ። አንቺም ፎቶውን ከመቁረጫ ጠረጴዛሽ በላይ ሰቀልሽው አሉ።

እታለም፣ ያ ሀብት አልነበረም፤ ያልተሸጠ ዕቃ ነው። አንቺ ቤት ሃምሳ ዩኒፎርም ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ ወሳጅ ቢያጣ ገበያ ደራ ትያለሽ? ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ፋብሪካው እኛ አከፋፋዮቹ በር ላይ ዕቃውን ሲያራግፍ "ተሸጠ" ብሎ ይመዘግባል። ጋዜጣውም ያንኑ ይጽፋል፣ የአክሲዮኑም ዋጋ ይወጣል። ከእኛ በር የሚወጣውን የማየው ግን እኔ ነኝ። ዓምና ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩበት የድሮው ፕሮግራም አገልግሎቱ ያበቃል ስለተባለ ሰው ተሻምቶ ገዛ፤ የገዛ ደግሞ ለብዙ ዓመት አይመለስም። ዘንድሮ ደንበኛው አሮጌውን ታቅፎ ይመጣና ባትሪ አስቀይሮ፣ ሚሞሪ አስጨምሮ ይሄዳል። ባለፈው ለአንዲት የሒሳብ ሠራተኛ፣ አዲሱ ኮምፒውተር እኮ በራሱ ያስባል ብንላት፣ "ማሰቡን እኔ እችልበታለሁ፣ ባትሪውን ብቻ ስጡኝ" አለችን። ሁላችንም ሳቅን፤ አለቃችን ግን አልሳቀም።

ኩባንያው ይወድቃል አላልኩም። ምናልባትም ዋጋው ከርሞ ይወጣ ይሆናል፣ ያኔ ትስቂብኛለሽ። ግን ዛሬ የሚጠይቁት ዋጋ እኔ በዓይኔ ላላየሁት ገበያ ነው። እንዲህ ያለው አክሲዮን፣ ቢጠፋም የማይጎዳው ትርፍ ገንዘብ ላለው ሰው ነው። ያንቺ ትርፍ አይደለም፤ እማዬ ጉልበቷን የጨረሰችበት፣ እኔን ያስተማረኝ መኪና ነው። የራሴን አክሲዮን ትናንት በኪሳራ ሸጥኩ። አፍሬያለሁ፣ ፈርቻለሁም።

አዲስ ፎቶ አብሬ ልኬያለሁ፤ ትናንት እዚያው ቦታ ቆሜ የተነሳሁት ነው። አሮጌውን ከግድግዳው አውርጂና ጎን ለጎን አድርገሽ እያቸው። ከክርኔ አጠገብ ጎኑ የተጨፈለቀ ካርቶን አለ፤ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ስለማመድ እኔው የጨፈለቅኩት ነው። በአዲሱም እዚያው ነው። ስለተጎዳ ነው እንዳትዪ፤ ከላዩና ከሥሩ ያሉት ካርቶኖች ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢ፤ አንዱም አልተነቃነቀም። በዓመቱ የተለወጠው የእኔ ፀጉር ብቻ ነው፣ ሸብቷል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ስለነገረኝ እንዳትቆጪው፣ ጨንቆት ነው። ሚጡን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ የላከው ጫማ ጠበበሽ ወይ በያት። ዘጠኝ ዓመት አብራሽ የሠራችው ልብስ ዘምዛሚሽም ሥራ መፈለግ ጀምራለች አሉኝ። ሰላምታዬን ስታደርሺላት፣ ሰኞ ጠዋት እንደወትሮዋ መኪናዋን ዘይት ቀብታ ትጠብቅሽ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከመጋዘኑ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን