ውሃ የጠጣው ወንበር

ውድ እትዬ፣

አንቺ ካለሽበት ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ስትወጪ ብቻ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ዕለት "መኪናዋን ገዛን፣ እማዬም ደህና ናት" ከማለት በላይ አልቻልኩም። ንፋሱ ድምፅሽን ይዞት ሄደ። ያልኩሽ ውሸት አልነበረም። ሙሉውም ግን አልነበረም፤ ያስቀረሁት አንቺ የምትስቂበትን፣ እኔ የማፍርበትን ክፍል ነው።

አሁን ሆስፒታሉ ዕቃ ግምጃ ቤት በር ላይ፣ እዚያችው አዲስ መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቼ ነው የምጽፍልሽ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የሰፋነውን ጋውን አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው። እማዬ ደግሞ አጠገቡ ቆማ እሱን እየቆጠረችው ነው። ስለዚህ ጊዜ አለኝ።

ከሁሉ በፊት ኑዛዜዬን ስሚኝ። "እንደቸኮልክ ለሻጭ እንዳትነግር" ብለሽ አስጠንቅቀሽኝ ነበር። ነገርኩት። ያውም ሳይጠይቀኝ! ዋጋውን በስልክ ከተስማማን በኋላ፣ ደህና ዋል ብዬ መዝጋት ሲገባኝ፣ "ሰኞ ለሆስፒታሉ ማስረከብ እንጀምራለን፤ የራሳችን ዝግ መኪና ከሌለን ውሉ ይፈርሳል" አልኩት። ለምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ትልቅ ሥራ ያለን ሰዎች መሆናችንን እንዲያውቅልኝ። ከተመረቅኩ አምስት ወሬ ነው፤ "ምን ትሠራለህ?" ብሎ ለጠየቀኝ ሰው አንድ ቀን እንኳ ደረቴን ነፍቼ መልሼ አላውቅም። ያን ቀን አፌ ቀደመኝ።

ሁለተኛው ይብሳል። ሐሙስ ጠዋት እማዬ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከስፌት ቤቱ ወጣች። "እማዬ፣ ሜትሩን" አልኳት። ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ጠጋ ብዬ፣ "ዛሬ እኔ ልናገር፤ አንቺ ዝም ብትይ ይሻላል፣ እሺ?" አልኳት። "እሺ" አለችኝና የመንገደኛውን ልብስ በመስኮት እያየች ሄደች። ልጅ እናቱን እንዲህ ይላል? ብሏል እንግዲህ።

መሸጫው ወለሉ ፊት ያሳያል፤ ከውስጥ አዲስ ጎማ አዲስ ጎማ ይሸታል። ሻጩ የእኔ እኩያ ነው፤ ከረባቱ ግን ከእኔ በአሥር ዓመት ይበልጣል። አስቀመጠን፣ በረጃጅም ብርጭቆ ውሃ አስመጣልን፣ እማዬን "እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ" አላት። መኪናችን ነጭ ሆና፣ ከፊት ሁለት ግራጫ ወንበር፣ ከኋላ ባዶ ሰፊ ሆድ ይዛ እዚያው ቆማለች። ልቤ ዘለለ። ከዚያ ወረቀቱ መጣ።

ከላይ የተስማማንበት ዋጋ አለ። ከሥሩ ደግሞ ማንም ያልነገረኝ ስድስት መስመር፦ የቀለም መከላከያ ቅብ፣ የወንበር ጨርቅ ውሃ መከላከያ፣ መስታወት ላይ የተቀረጸ መለያ ቁጥር፣ የእግር ምንጣፍ፣ የጎማ ልዩ አየር፣ የሰነድ ዝግጅት። ድምሩን ሳየው ለሁለተኛው ዙር ጨርቅ ያስቀመጥነውን፣ አንቺም ከደመወዝሽ ያዋጣሽበትን ገንዘብ ጥርግ አድርጎ የሚወስድ ሆኖ አገኘሁት። ይገባሻል አይደል? መኪናዋን ከወሰድን የምንሰፋው ጨርቅ የለንም። ከተውናት ደግሞ የሰፋነውን የምናደርስበት የለንም።

የመከራከሪያ ነጥቦቼን በሰባት ገጽ አትሜ ይዤ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ሻጩ አቋረጠኝ።

"ወንድሜ፣ የተስማማነው በመኪናዋ ዋጋ ነው። ይሄ የተጨማሪው ነው።"

"ተጨማሪ አልፈለግንም።"

"ገባኝ። ግን ተሠርቶ ነው የሚመጣው። ሁሉም መኪናችን ላይ አስቀድሞ ተሠርቷል። አሁን ከላይዋ ላይ ልፋቅልህ?"

"ያልተሠራባት ሌላ ስጠን።"

"ደስ ይለኛል። በሦስት ሳምንት ትገባለች።" ፈገግ አለ። "ችግሩ እናንተ ሰኞ ነው ያላችሁት።"

እትዬ፣ የገዛ ምላሴ ነው የያዘኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ትንሽ ተከራከርኩ፣ ድምፄ ከፍ አለ፣ ወዲያው ደግሞ ወረደ። ከዚያ ብዕሩን አነሳሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ይሄንን ነው። ልፈርም ነበር።

"ጨረስክ?" አለችኝ እማዬ።

"ጨረስኩ።"

"እንግዲያስ እኔ ልጠይቅ።" ወደ ሻጩ ዞረች። "ልጄ፣ ዋጋውን በስልክ ስትነግረው ይሄ ሁሉ መኪናዋ ላይ ተሠርቶ ነበር?"

"አዎ እማማ።"

"ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርከውም?"

"አሠራራችን ነው እማማ።"

ያቺን ባለ ዶቃ ቀሚስ ያሰፋች ሙሽራ አስታወስሽ? እማዬ ዋጋ ስትናገር ዶቃውን ረስታው፣ አንቺ "ጠይቂያት እንጂ!" ስትያት፣ "መቀሴ ጨርቁን ነክቷል፤ ከዚያ ወዲያ ዋጋ አይጨመርም" ብላ ሳምንት ሙሉ በነጻ ዶቃ ስትሰካ፣ እኛም በክር ስናስገባላት? እኔ ይህንን እያሰብኩ እሷ ራሷን ነቀነቀች።

"ደግ። አሠራር ይከበራል። እኔም አሠራር አለኝ፤ ያላየሁት ሥራ ላይ አልከፍልም። ተነስ አሳየኝ።"

ውሃዋን በእጇ ይዛ ተነሳች። የመኪናዋን በር ከፈተች። የወንበሩን ጨርቅ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል አሸት አሸት አደረገችው፤ ታውቂያት የለ፣ ገበያ ላይ ስንቱን ነጋዴ በዚያች ጣት በላብ አስጠምቃዋለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከሥር ስፌቱን አየች።

"የወንበሩ መከላከያ ምን ያደርጋል አልከኝ?"

"ውሃ ቢፈስበት ተንከባሎ ይወርዳል እማማ። አንዲት ጠብታ አይገባም!" እጁን ሁሉ እያንከባለለ ነው የነገራት።

እጁ ሳይወርድ ብርጭቆዋን ዘንበል አደረገች።

ውሃው አልተንከባለለም። ጨርቁ እዚያው ምጥጥ አደረገውና የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር እድፍ ወጣበት። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

"ልጄ" አለች እማዬ በሐዘኔታ፣ "ይሄ ወንበር ተጠምቶ ነበር።"

"ይ... ይደርቃል እማማ።"

"መድረቁንማ ይደርቃል። ያልተቀባም ይደርቃል።"

ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። ከጎናችን ቀይ መኪና ሊገዙ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። "እስቲ የኛን ወረቀት እየው፤ የወንበር ጨርቅ የሚል አለ?" ባልየው መነጽሩን ፈልጎ አነበበ። "አለ!" አለ። ብርጭቆውን አንስቶ ወደ ቀዩ መኪና ገሰገሰ።

"ጋሼ! ጋሼ፣ ቆይ! እባክዎ!" ሻጩ ሮጠ።

"ምነው? አንዲት ጠብታ አይገባም አላልክም?"

ገባ። ያኛውም ጠጣ። እማዬ በዚህ መሃል መነጽሯን አድርጋ መስታወቶቹን አንድ በአንድ እየዞረች ነው። "ቁጥሩ የታለ? መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የማስገባበት ዓይን ነው ይሄ፣ ቁጥር አያመልጠውም።" ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረም። ጎማው ጋ ስትደርስ ወረቀቱን ጠየቀችኝ፣ አነበበች፣ ቀና አለች። "አየርም ሸጠህልኛል?" ስትል ሚስትየዋ ቀዩ መኪና ላይ ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች።

የመሸጫው ሥራ አስኪያጅ ከመስታወት ክፍሏ የወጣችው ያኔ ነው። ሁለት የራሰ ወንበር አየች፤ አንድ ሌላ ገዢ ሽማግሌም ብርጭቆ ይዘው ሲመጡ አየች።

"ምንድን ነው የሚደረገው እዚህ?"

"ሥራችሁን እያደነቅን" አለች ሚስትየዋ።

ሥራ አስኪያጇ ወደ ሻጩ ዞረች። "ተቀብቷል?"

"የሚቀባው... ከተፈረመ በኋላ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"ለእኛ ግን 'ተሠርቶ ነው የሚመጣው፣ ከላይዋ ላይ ልፋቅልህ?' ነው ያለን" አልኩ። ድምፄ ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው ጊዜም አልጮህኩም። ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን ተቀብላ አየች። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ብዕር አውጥታ መስመሮቹን ትሰርዝ ጀመር። አራተኛው ላይ ስትደርስ እማዬ እጇን ያዘቻት።

"ምንጣፉን ተይው። እሱ አለ፣ አይቼዋለሁ፤ ጠርዙም በወጉ ተሰፍቷል። የምንጣፉን እከፍላለሁ።"

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያም ከልቧ "እሺ፣ እማማ" አለቻት።

አዲስ ወረቀት ታትሞ መጣ። ሁሉም ደስ ብሎት ነበር፣ ሻጩም ቶሎ እንድፈርምለት ብዕሩን ከፍቶ አቀበለኝ። እኔ ግን አንዴ ተቃጥያለሁና ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ "የማስረከቢያ ዝግጅት" ይላል። ገንዘቡ ከተሰረዘው ከሰነድ ዝግጅቱ ጋር ቁልጭ ያለ አንድ ነው።

"ይሄኛው" አልኩ፣ "ልብስ ቀይሮ ነው የመጣው።"

ሥራ አስኪያጇ አየችውና ሰረዘችው። ሻጩ ጣሪያውን ያይ ጀመር። እማዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ "እኔ ያችን አላየኋትም ነበር" አለችኝ። እትዬ፣ ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ እንዲህ ደስ አላለኝም። እኔ ስፈርም እሷ ሜትሯን አውጥታ ስንት እስር ጋውን እንደሚገባ የመኪናዋን ሆድ ትለካ ነበር። "አውልቂው" የሚል ሰው በዚያ አካባቢ አልነበረም።

ስንመለስ የራሰው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሱሪዬ እየቀዘቀዘኝ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ፣ "እማዬ፣ ጠዋት ዝም በይ ስላልኩሽ..." አልኩና ቀሪው አልወጣ አለኝ።

"ዝም ያልኩት ስላልከኝ መሰለህ?" አለች። "ሌላ ሰው የጀመረው ስፌት ላይ እጅ አይገባም፤ ያበላሻል። እስክትጨርስ ነው የጠበቅኩት። ቶሎ ጨረስክልኝ ደግሞ!" ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ጥሩንባ እስኪነፋብን ድረስ ሳቅን።

በዚያው ቀን ጨርቁን ገዛን። ያንቺ መዋጮ አንድ ሳንቲም አልባከነም፤ ስፌት ቤቱ ጥግ ላይ እስከ መስኮቱ ተከምሮ ብታዪው! እነሆ ዛሬ ሰኞ ነው። ዕረፍትሽ ሲደርስ አውቶቡስ የሚባል ነገር እንዳታስቢ፤ ካለሽበት ድረስ መጥቼ እወስድሻለሁ።

ቆጠራው አለቀ፤ ልክ ነው፣ አንድም አልጎደለም። ኃላፊው አሁን ቅጽ ይዞ መስኮቴ ጋ መጥቶ፣ "የአስረካቢው የሥራ ድርሻ?" ብሎ ጠየቀኝ። ለአምስት ወር የጠበቅኩት ጥያቄ! ደረቴን ነፋሁና "ሥራ አስኪያጅ" አልኩት። መጻፍ ሲጀምር እማዬ ከኋላ፣ ጓሮው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ "ኧረ ሹፌር ብለህ ጻፍ! ሥራ አስኪያጇ እኔ ነኝ!" አለችው።

እሱም ጻፈ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
የስፌት ቤቱ ሹፌር