ሰባተኛው ስም

አባዬ፣ የልጅህ የዘይነብ ሰላምታ ካለህበት ይድረስህ። ከተለየኸን ሁለት ረመዷን አለፈ። በረንዳው ላይ አንተ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ እስካሁን ማንም አይቀመጥም፤ እንግዳ ሊቀመጥ ሲል እማዬ ትቆጣለች። እሷ ደህና ናት። ጉልበቷ ነው እንጂ የደከመው አፏ እንደድሮው ነው።

የሮቢ ወንዝ ክረምት ላይ ሞልቶ የሽንኩርት መደባችንን ጫፍ ይዞት ሄደ። የቀረው ላይ ማሾ ዘራን፤ አልሐምዱሊላህ፣ መጥፎ አልሆነም። አያፈራም ብለህ ልትቆርጠው የነበረው ማንጎም ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። እማዬ ለመጣው ለሄደው እያሳየች ታማሃለች።

የምጽፍልህ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ሐያት ልጄ አገባች። በአንተ እጅ ያደገችው ሐያት!

ታውቀዋለህ፣ ሸሪዓው ቢፈቅድም በእኛ ቀዬ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ኒካህ አይታሰርም። ቆጣሪው አንተ ነበርክ። ልጅ ሆኜ ከኋላህ ኩስ ኩስ እያልኩ እመጣና አጠገብህ እቀመጥ ነበር። አንድ ስም በጠራህ ቁጥር አንድ ፍሬ ማሾ መሬት ላይ ታስቀምጣለህ። አንድ ጊዜ አንድ ባለጸጋ አንዲት አያቱን እንድትዘልለት ቢለማመጥህ፣ «ቆጣሪ ስም አይመርጥም» ብለህ ነጠላህን አንስተህ ወጣህ። የሰርጉ ሥጋ ስለቀረብኝ ሳምንት ሙሉ አኩርፌህ ነበር።

አባዬ፣ እኔ ስም መረጥኩ። ይቅር በለኝ።

አንተ በሞትክ በዓመቱ የአካባቢውን ታሪክ በመጽሐፍ እናወጣለን የሚሉ ወጣቶች መጡ። ያ ከተማችን የነደደበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሰላምታ የተነፋፈገበት ክፉ ጊዜ ገና ከሰው ልብ አልወጣም። ያስተማርከኝን ቆጠርኩላቸው። ሰባተኛው አያታችን ጉተማ ላይ ስደርስ የጸሐፊው እስክሪብቶ ቆመ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ በትህትና ነው የነገረኝ። ስሙ የኦሮሞ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ነገር ያመጣል፣ ልጁን በሽርን የቀዬው መሥራች ብለን ከሱ ብንጀምርስ አለኝ። የአንተን ፎቶ መጀመሪያው ገጽ ላይ እናወጣለን ሲለኝ ደስ አለኝና ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አደረጉት፤ እሺታም ነበር። ከወንዙ ማዶም የራሳቸውን ጽፈዋል አሉ፤ እዚያ ደግሞ ጉተማ አለ፣ አርጎባዋ ሚስቱ ናት የጠፋችው። የአሊዩ አምባ ገበያ ያገናኛቸውን ባልና ሚስት እኛ አፋታናቸው።

ሐያትን የጠየቃት ጀማል የማዶ ልጅ ነው። ጉተማ ሁለት ወንድ ልጅ እንደነበረው፣ በሽር እዚህ ቀርቶ የእነጀማል አያት ሮባ ወንዙን እንደተሻገረ የነገርከኝ አንተ ነህ። እንግዲህ አስበው፤ ጉተማን ብጠራ ሰባተኛው ላይ እንገናኛለን፣ የልጄ ጋብቻ ሊፈርስ ነው። ባልጠራው የሚጠይቀኝ የለም፣ መጽሐፉ ራሱ ምስክሬ ነው። ስንት ቀን እህል አልወርድ እንዳለኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሽማግሌዎቹ በረንዳችን ላይ ተሰበሰቡ። የሐያት አባት የሱን ወገን አስቆጥሮ ጨረሰ። እኔ ስቀመጥ አንዳንዶቹ ደግሞ ሴት ዘር መቁጠር ጀመረች ብለው አጉረመረሙ። እማዬ ከጓዳ ሆና፣ እናንተን ወንድ ነው እንዴ የወለዳችሁ ብትላቸው፣ በይ ቁጠሪ አሉኝ። ጀመርኩ። እኔ፣ እንድሪስ፣ አሊ፣ ወልዴ፣ ሁሴን፣ በሽር። ስድስት። መጽሐፉን ያነበቡት የእኛው ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ አይታወቅም፣ ይበቃል ብለው ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። ሐያት በሩ ጋ ቆማ ፈገግ ብላለች፤ ያለቀ መስሏታል።

ጉተማ አልኩ። ለራሴም አልተሰማኝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ሰባት ሲባል ሰባተኛው ጭምር ነው፣ አይደለም ሲባባሉ ዐስር ሶላት ደረሰ። ሐያት ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ይሄኔ የጀማል አያት ሼህ ኑሬ እጃቸውን አነሱ። ለእነሱም ሰባተኛው ጉተማ መሆኑን ከነገሩን በኋላ፣ «ሰባት የሞላ ዝምድና ለቅሶ ያስደርሳል እንጂ ጋብቻ አይከለክልም» አሉ። ነገሩ እዚያው አለቀ።

ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። መጽሐፋችንን ቀድመው አስነብበው ኖሯል። የመጡት ሊያስቆጥሩ ሳይሆን ጉተማን ከአፌ ሊሰሙ ነበር። ስድስት ላይ ብታቆሚ የልጅ ልጄን ይዤ ልሄድ ነበር፣ አያታችንን ከጣለ ቤት ልጅ አንወስድም አሉኝ። አባዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ላጣት የነበረው በዝምታዬ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ ኒካሁ ታሰረ፤ የማዶ ዘመዶቻችን መቃብርህ ድረስ መጥተው ዱዓ አደረጉልህ። መጽሐፉን ባገኘሁበት ሁሉ ጉተማንና ሚስቱን በእጄ እጽፍበታለሁ። ከጸሐፊው ጋር ተኳርፈናል፤ መጽሐፍ አበላሸሽ ይለኛል። ይበለኝ።

አላህ ጀነትን ይወፍቅህ። ሐያት አርግዛለች። የሚወለደውን ልጅ ስሞቹን የማስጠናው እኔ ነኝ፤ ጉተማ ላይ ስደርስ ድምፄን አልቀንስም።

ልጅህ ዘይነብ