ሁሉም የየራሱን የቀላቀለበት የሚካኤል ማኅበር

አንኮበር፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ውድ አልታየች፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእኔን ደኅንነት ለመጠየቅ አትድከሚ፤ ሥጋዬ ደኅና ነው፤ ስሜ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ታሟል። የምጽፍልሽም ስለ ሕመሙ ነው። ደብረ ብርሃን እናትሽ ቤት ይህን የሚያነብልሽ ወንድምሽ ቄስ ወልደአረጋይ እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ እሳቸውን እለምናለሁ፦ አባቴ፣ እኔን የሚያዋርደው ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ፤ ራሴን የማመሰግንበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ደግሞ እንደ ልማድዎ እህ እህ ብለው ይሳሉ።

ከሄድሽ አራት ወር ሆነ። በጥር፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ያን ሁሉ ሰው ቤታችን ጠርቼ ያልሁትን አልረሳሽውም። ዋንጫዬን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ቅኔ መምህር ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ «ይህ ጠጅ ገና ዲያቆን ነው፤ ቅስና አልደረሰም» አልሁ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቁን እንደ ካባ ደረብሁት። አንቺ የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ ድረስ ቀዳሽ፤ ዋንጫውን አጠብሽ፤ ቤቱን ጠረግሽ። በማግስቱ ነጠላሽን ተከናንበሽ በጎረቤላ በኩል የደብረ ብርሃንን መንገድ ያዝሽ።

ሽማግሌ ብልክብሽ የመለስሽው ቃል አጭር ነበር፦ «ያሳቀብኝን ሰው ሁሉ ይሰብስብና እሱም በተራው ይሳቅበት። ያን ጊዜ እመጣለሁ።» ሽማግሌዎቹ ይህን ሲነግሩኝ ፍርዱ ከበደኝ። ሰውን ማሳቅ ሙያዬ ነው፤ የሚሳቅበት መሆን ግን የሌላ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር። ፋሲካ ድረስ አኮረፍሁ። ያኮረፍሁትም ማንም በሌለበት ቤት ስለሆነ፣ ድካሙ ብቻ ቀረኝ።

እንግዲህ የሚካኤል ማኅበራችን የግንቦት ተራ የእኛ ቤት ነው። ጽዋው ሚያዝያ ላይ ገባልኝ። ጽዋ ገብቶለት ያልደገሰ ሰው በአንኮበር ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ይልቁንም ሹማምንቱ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ከተማችን የወሬ ችግር ስለገባት፣ አንድ ደብተራ ማኅበርተኛውን በደረቅ ጉሮሮ ሰደደ ቢባል ለሦስት ወር ስንቅ ይሆናታል። ጎረቤታችንና ማኅበርተኛችን እትዬ ሸዋወርቅ ይህን አይታ «እኔ ልጥመቅልህ» አለችኝ። እኔ ግን ዳዊት የደገምሁ፣ ድጓ የተማርሁ ሰው ለአንድ ጋን እሸነፋለሁ ወይ ብዬ እምቢ አልሁ። (አባቴ፣ ይሳሉ።)

ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈተግሁት። በወይራ ጭስ አጠንሁት፤ ያጠንሁትስ ራሴንም ጭምር ነው፤ ለሦስት ቀን ማኅሌት ስቆም ጓደኞቼ «ምን ተቃጠለብህ?» ይሉኝ ነበር። ማሩን በጠበጥሁ፤ ውኃውን ለካሁ። እዚህ ድረስ ያለ ኃጢአት ደረስሁ። ጌሾው ቀረ። አንቺ ስትሄጂ ከምድጃው በላይ ሁለት ከረጢት ሰቅለሽ ነበር፤ አንዱን ብፈታው ቅጠል፣ አንዱን ብፈታው ጭራሮ። ቅጠሉን በእፍኝ በእፍኝ ጋኑ ውስጥ ጨመርሁት። ጭራሮውን «ይህቺ ሴት ማገዶ እንኳ በከረጢት ታኖራለች» ብዬ፣ ጥንቃቄሽን አመስግኜ፣ አነደድሁት። መልካም ይነዳል።

በሃያ አንደኛው ቀን፣ ማለት የማኅበሩ ዋዜማ፣ ከድኜ ያቆየሁትን ከፍቼ ቀመስሁ። መልኩ የክረምት ኩሬ፣ ጣዕሙ የኮሶ ታናሽ ወንድም ነው። ምላሴ እስከ ማታ ድረስ አልታዘዘኝም፤ ይህም ለሰፈሩ ዕረፍት ነበር።

ቆሜ ቤቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ያልተበጠበጠ አንድ ገንቦ ማር አለ። ያ መራራ አለ። እትዬ ሸዋወርቅ ሆዷ አልችል ብሎ የላከችልኝ አንድ እንስራ ጠላ አለ። የምንጭ ውኃ አለ። የአሊዩ አምባው ነጋዴ ይማም ያመጣልኝ ዝንጅብልና ኮረሪማም አለ። ጠጅ የለም እንጂ፣ የጠጅ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ተሰብስቧል። ሰው ሲጨንቀው ሥርዓት ያወጣል። እኔም ሥርዓት አወጣሁ።

በማግስቱ ዐሥራ አንዱ ማኅበርተኞች ገብተው ተቀመጡ፤ በጥር በአንቺ የሳቁት እነዚሁ ናቸው፣ አንድ አልጎደለም። ዕቃዎቹን በተርታ ደርድሬ፣ በየአንዳንዱ ላይ ጭልፋ አኑሬ፣ መቋሚያዬን ተደግፌ ስለ ነጻ ፈቃድ ሰበክሁ። አንድ ሰው ጠምቆ፣ አንድ ሰው መጥኖ፣ ለሁሉ አንድ ዓይነት መቅዳቱ የቀደሙት ሰዎች ድፍረት እንደ ነበረ አስረዳሁ። ከእንግዲህ ወዲህ በዚህ ቤት እያንዳንዱ ምእመን ጣፋጩንና መራራውን እንደ ነፍሱ ዝንባሌ ራሱ እንዲቀላቅል አወጅሁ። ስብከቱ ከማማሩ የተነሣ ለአፍታ እኔም አመንሁበት።

ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴያችን አባ ወልደ ሰንበት ግን በቀላሉ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ግራና ቀኝ አይተው፣ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ የሚቀዳ አሳላፊ አለመቆሙን ተመለከቱና «ቀማሹ ማን ነው?» አሉኝ።

«ቀላቃዩ ራሱ ነው፣ አባታችን። መርዝ የሚያደርግ ቢኖር ለራሱ ነው» አልሁ።

አሰቡበት። ስሕተት ፈልገው አጡና ዋንጫቸውን ይዘው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ሁሉም ተነሣ።

አልታየች፣ ያን ጉድ ሳታዪው መቅረትሽ ያሳዝነኛል። ባላምባራስ ገብረመንፈስቅዱስ ዘመቻ አልቀረባቸውም፤ ጭልፋ ግን የዚያን ዕለት ገና መጨበጣቸው ነው፤ የያዙትም እንደ ጎራዴ ነበር። ዋንጫቸውን በማር ሞሉና ከመራራው አንድ ጠብታ ጣል አደረጉበት። ሊጠጡት ቢያዘነብሉት አልወርድ አለ። ነገር እንዳይበላሽ «በንጉሥ ግቢ እንዲህ ነው የሚጠጣው» ብለው በጣታቸው ይልሱ ጀመር። አባ ወልደ ሰንበት «ለሆድ ሕመሜ» እያሉ ጠላውን በዝንጅብል አነደዱትና ዕንባቸው እስኪወርድ ጠጡ። ከወዲያ አንዱ ማር በዛ ይላል፤ ከወዲህ አንዱ ውኃ አነሰ ይላል። ሚስቶቻቸውን ጠላው ቀጠነ ብለው ሲቆጡ የኖሩ ወንዶች፣ ስለ አንድ ጭልፋ ማር እንደ ሃይማኖት ጉባኤ ተከራከሩ። አንዱ የአንዱን ቀመሰ። የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ዋንጫ ተለዋወጡና ሁለቱም ፊታቸውን በአንድነት አጨማደዱ፤ እንዲህም ታረቁ።

የእጁን ሥራ የነቀፈ ግን አልነበረም። ሰው ራሱ የቀላቀለውን መች ይነቅፋል? ዝም ብሎ ወጥቶ ይደፋዋል። ባላምባራስ ሦስተኛውን ዋንጫ ደጅ ደፍተው ሲመለሱ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው «ሴቶቹ ይህን እንዴት ያውቁታል?» አሉ።

ያን ጊዜ ነው የታየሽኝ። ጆሮሽን ጋኑ ላይ አስጠግተሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስታዳምጪ። ጥንስሱ ሲፍለቀለቅ «ገና ያወራል» ትዪ ነበር። ጸጥ ሲል ብቻ «ደርሷል» ትዪ ነበር። በጥርም እንዲሁ አዳምጠሽ «ገና ያወራል፤ ሦስት ቀን ተወው» ብለሽኝ ነበር። ይህን ከእኔና ከአንቺ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ይህን እያሰብሁ ቆሜ ሳለሁ እትዬ ሸዋወርቅ ጭልፋዋን እስከ መራራው ጋን ሥር ሰደደችና አንድ ነገር አውጥታ በመዳፏ ዘረጋችው።

«ደብተራ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ጌሾ ነዋ።»

«ጌሾነቱንስ አየሁት። ቅጠሉን ለጠላ አይደል የምንጥለው? የጠጁ እንጨቱ የት ገባ?»

ዐሥራ አንድ ሰው ዞሮ አየኝ። ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ጥሩ ቀልድ ነው፤ እትዬ ሸዋወርቅን ሰባት ዓመት አንገት የሚያስደፋ። አልነግርሽም። ዋጥሁት፤ ከጥንስሱ ይልቅ መረረኝ።

«አነደድሁት» አልሁ።

መጀመሪያ አልገባቸውም። እትዬ ሸዋወርቅ ግን ገባት፤ መሬት ቁጭ አለች። «ማገዶ መሰለው! የጌሾውን እንጨት ማገዶ መሰለው!» ስትል ቤቱ ፈነዳ። እንዴት እንደሳቁ ልንገርሽ። የባላምባራስ ጢም ከማሩ ጋር ተጣብቆ አፋቸው አልከፈት ስላለ በአፍንጫቸው ሳቁ። አንዱ ምሰሶውን አቅፎ ሳቀ። አንዱ «ነጻ ፈቃድ!» እያለ ሳቀ። በጥር የሳቁት ሳቅ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሳል ነበር።

ፍርድሽ ተፈጽሞ ነበር፤ እዚያ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ነገር ግን እየሳቁ ያሉት በጌሾው እንጂ በጥር በሠራሁት ጥፋት አልነበረም። መቋሚያዬን አስቀመጥሁ። (ቄስ ወልደአረጋይ፣ እዚህ ላይ ሳል የለም።) እንዲህ አልኋቸው፦

«በቃና ዘገሊላ የጠጣችሁት ጠጅ ያልደረሰው አልታየች ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ሦስት ቀን ተወው ብላኝ ነበር። እኔ ባላምባራስ ሳይዘምቱ ቤቴን ይዩልኝ ብዬ ቸኩዬ ጠራኋችሁ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ በእሷ አሳቅኋችሁ።»

ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። ሁሉም ዋንጫውን ያይ ጀመር። አባ ወልደ ሰንበት ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡና «እኛም ስቀናል» አሉ። «የሷን ሙያ እያወቅን ስቀናል። ይህንንም ጻፍላት።»

ይኸው ጻፍሁልሽ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ጽዋውን ለሰኔው ተረኛ ማሳለፍ ነበር። ተራው የእትዬ ሸዋወርቅ ነው፤ የሰኔ ሚካኤልን መደገስ ደግሞ ሰው ዓመት ሙሉ የሚኮራበት ነገር መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ። ጽዋውን ተቀበለች፤ ተሳለመችው፤ ወደ ደጅ እንደመውጣት ወደ ጓዳችን ገባች። አንቺ ነጠላሽን በምትሰቅዪበት ሥር አኑራው ወጣችና «ተራዬን ለአልታየች ሰጥቻለሁ» አለች። ላመሰግናት አፌን ስከፍት «ለአንተ አይደለም» አለችኝ።

እንግዲህ አልታየች፣ ጽዋው እዚያው ነው፤ አልነካሁትም። ምስክር ብትፈልጊ ዐሥራ አንድ ሰው አለኝ፤ ባላምባራስ ዛሬ ጠዋት እንኳ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ደብተራ፣ ብርድ ነው፤ ጌሾ የለህም?» ብለውኛል። አልመለስሁላቸውም። መልስ አጥቼ ግን አይደለም።

ብትመጪ ውኃውን እኔ እቀዳለሁ፤ ማሩን እኔ እበጠብጣለሁ፤ ጋኑን ማጠን ለምጃለሁ። የጌሾ እንጨት ገዝቼ ሰቅያለሁ፤ ማገዶውንም ለጥንቃቄ ከቤት ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር አድርጌዋለሁ። አንቺ ጆሮሽን አስጠግተሽ «ደርሷል» እስክትዪ ድረስ ማንንም አልጠራም። ሰኔ ፲፪ ሆኖ እንኳ ጥንስሱ ገና ያወራል ብትዪ፣ አባ ወልደ ሰንበት ከነማኅበርተኞቻቸው ደጅ ቆመው ይጠብቁታል። በዓሉ ሊደርስ ግን የቀረው አራት ሳምንት ስለሆነ፣ በዚህ ሳምንት ብትነሺ ለጠጁም ለእኔም መልካም ነው። ባትመጪ ያው እኔ ጠምቄ እደግሳለሁ። የዐሥራ አንድ ሰው ነፍስ በአንቺ ላይ ልጭን ብዬ አይደለም።

ይህን ደብዳቤና በሰም የታሸገውን ቅል የሚያደርስልሽ ይማም ነው፤ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣል። ከክርስቲያኑ ወገን መልእክተኛ አጥቼ አይደለም፤ ቅሉ ሙሉ ሆኖ እንዲደርስ የማይጠጣ ሰው ያስፈልጋል ብዬ ነው። እሱ ግን ቢያሸተው «ወላሂ፣ የሚጠጣም ሰው ቢሆን አይነካልህም ነበር» አለኝ። በቅሉ ያለው ያው መራራዬ ነው፤ ማር አልቀላቀልሁበትም። ቅመሺውና የመጣልሽን ተናገሪበት፤ እናትሽም ይስሙ፤ ጎረቤትም ይስማ፤ ይሳቁ። እኔ አልመልስም።

ቅሉን ግን በይማም እጅ አትመልሺው። ባዶ ዕቃ መመለስ በእናትሽ ቤት ነውር ነው። ራስሽ ይዘሽው ነይ።

ቀልዱን እንደ ዋጠ ያለ ባልሽ፣
ደብተራ ዘርአ ዳዊት

ቄስ ወልደአረጋይ፣ ድካም ካልሆነብዎ «አነደድሁት» ከሚለው ጀምረው አንድ ጊዜ ደግመው ያንብቡላት።